መስመሩ ክፍት ነበር

መጋቢት 14

ምንም የተለየ ነገር የለም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ላውንደሪው እንደ ወትሮው በእንፋሎት ታፍኖ ዋለ። ካውያ ፊት ማስክ አድርጎ መቆም ማለት እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ አስሮ መዋል ነው። አለቃችን "አፍንጫችሁን ሸፍኑ" እያለ ሲመላለስ ዋለ፣ የራሱ ማስክ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ። የሆቴል ሥራ የለም፣ እንግዳ የለማ። አሁን የሚመጣልን የሐኪም ቤት ጋውን ብቻ ነው። ክምር በክምር።

ቤት ስገባ ፎጣዎቹ እንደገና ታጥፈው ጠበቁኝ።

ትናንት እኔው ነኝ ያጠፍኳቸው። በሦስት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ እንደማደርገው። የባሌ እናት አውጥተው፣ ዘርግተው፣ በአራት አጥፈው መልሰዋቸዋል። ሁሌ ነው። እኔ እኮ ልብስ በማጠፍ ነው የምኖረው! ሰው ከፍሎ የሚያሳጥፈኝን እሳቸው በነፃ ያፈርሱታል። "በሦስት ሲታጠፍ መሀሉ ይጨማደዳል" አሉኝ አንድ ቀን። ቆሽቴ አረረ።

እማማ ነው የምላቸው። ወድቀው እግራቸውን የተጎዱ ጊዜ "ለአንድ ሳምንት" ብለው መጡ። ይኸው ሁለት ዓመት። መስኮት ያለው የጓዳው ክፍል የእሳቸው ሆነ። የስፌት ማሽኔ ከዚያ ወጥቶ ሳሎን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ማታ ማታ ልብስ እየሰፋሁ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ ብዬ ነበር… ነበር።

ባሌ ደወለ። ከባድ መኪናውን ድንበር ላይ አቁሞ ወረፋ ይጠብቃል፣ መንገዱ ዝግ ነው። መጀመሪያ የሚለው "እማዬ እንዴት ናት?" ነው። ከዚያ "አንቺስ?"

ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ነኝ።

መጋቢት 16

የሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። እኔ! ካውያው ተጥዶበት ጨርቁ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ሲጨስ ምንም አልሸተተኝም። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያለችው ባልደረባዬ ናት "ኧረ እየነደደብሽ ነው" ያለችኝ። የበረኪናውን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ። ውሃ። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ግን ውሃ ነው ይላል።

አለቃችን ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ማስኩ ከአገጩ ወደ አፍንጫው ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። "ሂጂ ተመርመሪ" አለኝ። ወጥቼ በመስታወቱ ዞር ብዬ ሳይ የነካሁትን ሁሉ መድኃኒት ይረጫሉ። ወንበሬን ሳይቀር። ምን አጠፋሁ? ግን እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት።

መጋቢት 17

ይዞኛል።

እማማ ሲሰሙ አልጮሁም፣ ደረት አልመቱም። ክፍላቸው ገቡ፣ ትራሳቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ታቅፈው ወጡ። "ግቢ። መስኮት ያለው እሱ ብቻ ነው" አሉኝ። እሳቸው ሳሎን ሶፋው ላይ ሊተኙ።

አይሆንም አልኩ፣ ለወጉ ያህል። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፋለሁ? ውስጤ "ተመስገን" ነበር ያለው። አልጋው ላይ ጋደም ስል መጀመሪያ ያሰብኩት ማሽኑን እዚያ መስኮቱ ሥር ባደርገው ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣልኝ ነው። ሰው እንዲህ እያሰበ ይታመማል?

የስልኩንም ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው የሞላላቸው ያልተገደበ ጥቅል አለ። "ጠዋት እደውልልሻለሁ፣ ታነሺዋለሽ፣ ከዚያ አትዝጊው። ትራስሽ ሥር አድርጊው። ትንፋሽሽን ልስማ" አሉኝ ከበሩ ወዲያ። የእሳቸው ስልክ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። እኔ የሳህን ኳኳታ እሰማለሁ፣ እሳቸው ሳሌን ይሰማሉ። አንድ ግድግዳ ለሚለየን ሰዎች ስልክ! ልስቅ ስል ሳል ሆነብኝ።

መጋቢት 19

ትኩሳት። አጥንቴ የተፈታታ ይመስለኛል። ሌላ ጊዜ።

መጋቢት 20

ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ላውንደሪው ውስጥ ነኝ፣ ጣሪያ ግን የለውም። እንፋሎቱ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንሶላ ይመጣል፣ አጥፋለሁ። ይመጣል፣ አጥፋለሁ። አንዱ ከበድ አለኝ። ገለጥ ሳደርገው… እማማ ናቸው። እንደ ጨርቅ ስስ ብለው። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ ያዩኛል፣ ምንም አይሉም።

አልደነገጥኩም። ያሳፈረኝ እሱ ነው፣ አልደነገጥኩም። እጃቸውን ወደ ውስጥ፣ እግራቸውን ወደ ላይ፣ በሦስት አጠፍኳቸው። ጠርዛቸውን በካውያ ተጫንኩት። ከዚያ መደርደሪያው ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኳቸው። እና ደስ አለኝ! ደስታ ብቻ አይደለም፣ ፈነጠዝኩ። እየሳቅኩ ስለ መስኮቱ መጋረጃ ለሰው አወራለሁ።

ስነቃ ጉንጬ ላይ ሳቁ ገና አልጠፋም ነበር።

ፍራሹ መሀሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል፣ እሳቸው ሁለት ዓመት የተኙበት ነው። እዚያችው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቼ ነው ይህን ያየሁት።

መጋቢት 21

ዛሬም። የባሰ።

ሰዎች መጥተው በሩን አንኳኩ። "አማትሽ አርፈዋል" አሉኝ። እኔ የልብስ መለኪያ ሜትር ይዤ መስኮቱን እለካለሁ። ዞር እንኳ አላልኩም። "ታዲያ ቶሎ ይልቀቁልኛ፣ ሥራ አለብኝ" አልኳቸው። በሕልሜ ማለቴ ነው። በሕልሜ ብቻ ይሆን?

ምክንያቱም የቀሰቀሰኝ ድምፅ ከትራሴ ሥር ነው የመጣው።

"ነቃሽ? ውሃ ጠጪ፣ ራስጌሽ አለ።"

ስልኩ!

አወጣሁት። ሰዓቱ ይቆጥራል። ከጠዋት ጀምሮ። ትናንትም ክፍት ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። ባሌ ስንቴ ነግሮኛል፣ "ስትገበያዪ አደርሽ" እያለ ያሾፍብኛል። በእንቅልፌ እናገራለሁ። ያውም ጥርት አድርጌ።

ምን አልኩ? ምን ምን አልኩ? ሳቁስ ተሰምቷል?

"እሺ እማማ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

መጋቢት 22

ጠየቅኳቸው። ሌላ ወሬ መሀል አስገብቼ፣ እንደ ቀልድ።

"እማማ፣ በእንቅልፌ እለፈልፋለሁ እንዴ?"

የሳህኑ ኳኳታ ቆመ። ቧንቧው ብቻ ሲፈስ ይሰማል። ከዚያ፣

"ታንኮራፊያለሽ። ልጄ ለካ ሁለት ከባድ መኪና ነው ያለው" አሉ።

ሳቅኩ። በጣም ነው የሳቅኩት፣ ደስ ብሎኝ። እፎይ ብዬ ግማሽ ሾርባ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ንጹሕ ፎጣ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። አነሳሁት። በሦስት ነው የታጠፈው። ጠርዙ ወደ ውስጥ።

ቆሜ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያላደረጉትን! አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፎጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። መሀሉን ደግሞ እንዳይጨማደድ በእጃቸው ዳብሰውታል፣ ያስታውቃል። ሰምተዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ምንም ሳይሉኝ "እንደ ፈለግሽው ይሁንልሽ" ማለታቸው ነው።

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። በተቆጡኝ ይሻል ነበር። "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ" ቢሉኝ ቢያንስ አለቅስ ነበር። በፎጣ እንዴት ይጣላሉ?

መጋቢት 23

ላለመተኛት ሞከርኩ። ተቀምጬ ዋልኩ። ዓይኔ ሲከደን ሻርፔን አፌ ላይ አሰርኩት። የሚስቅብኝ ሰው አለመኖሩ ጠቀመኝ። በኋላ ሻርፑም ትንፋሽ ሲነሳኝ ፈታሁትና ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ግድግዳው በመወልወያው እንጨት ተደበደበ።

"ምነው? መስመሩ ጠፋ!" ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

ባትሪ ነው ብዬ ዋሸሁ። መልሰው ደወሉ፣ አነሳሁ። ምን አደርጋለሁ?

በሽተኞችን በስልክ የሚከታተለው ሐኪም፣ ዛሬ ተራዬ ስለነበር፣ ደወለ። ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ትኩሳት ጠየቀኝ። ሕልምስ አልኩት። ብዙ ሰው ይነግረኛል አለ። ትኩሳት ነው፣ መዘጋት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ እንቅልፉ ራሱ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሕልሙ ሁሉ ይታወሳል። አንዷ ጥርሷ ሲረግፍ ታያለች፣ አንዱ ሞተው የተቀበሩ ዘመዶቹ ሳሎኑን ሞልተው ቴሌቪዥን ሲመለከቱ ያያል።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው በሕልሙ የሚያየው የሚመኘውን ነው እንዴ? አልኩት።

"እኔ እኮ የሳንባ ሐኪም ነኝ እህቴ" አለኝ።

ከዘጋ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ከእሱ ጋር ሳወራ የእማማ መስመር ተይዞ ነበር ወይስ ተቆርጦ? ይሄንንም ሰሙት ይሆን? አሁንማ በራሴ ጥላም ማፈር ጀምሬያለሁ።

መጋቢት 25

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሕልምም አላየሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ወጥቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ ብዬ ሳብሰለስል ዋልኩ። ምን ብዬ? "እማማ፣ በሕልሜ አጥፌዎት ነበር፣ ይቅርታ"? ይሄ ይባላል?

ከዚያ ደግሞ እኔ ሰማሁ። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ሎሚ ይዘው በሩ ላይ መጡ። ስልኩ ሽርጡ ኪስ ውስጥ እንደሆነ እማማ ረስተውታል። ወይ አልረሱትም።

"ድናለች፣ ፈጣሪ ይመስገን" አሉ እማማ። "መንገዱ ሲከፈት እኔ ሴት ልጄ ጋ እሄዳለሁ። በቃኝ። ሰው ቤት ስትቆዪ ልክ አለው።"

አስተማሪዋ የገዛ ልጅዎ ቤት አይደለም ወይ ሲሏቸው፣

"የእሷም ቤት ነው" አሉ። ክፋት የለበትም ድምፃቸው። እንደ ተራ ነገር ነው ያሉት።

ማታ ባሌ ደወለ። "እማዬ ልሂድ ትላለች፣ ምን ተፈጠረ?" አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። እኔ እንጃ! አፌን ምን ያዘው?

መጋቢት 26

ሳሎን ውስጥ ሳል አለ። የእኔ አይደለም።

መጋቢት 27

እሳቸውም ተያዙ። ከእኔ ነው፣ ከሌላ ከየት ይመጣል?

ክፍላቸውን አጽድቼ፣ አንሶላውን ቀይሬ፣ ይግቡ አልኳቸው። እምቢ። ሶፋው ላይ ኩርምት ብለው፣ "እዚሁ ይሻለኛል። እሱ ክፍል ላንቺ ነው" አሉኝ። ያንቺ ነው አላሉም፣ ላንቺ ነው አሉ። ለመንኳቸው። መስኮቱ ለትንፋሽ ይጠቅማል አልኩ። "ማሽንሽን አስገቢበት" አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ማሽኑን እዚያ ልመልሰው እንደምመኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በሕልሜ ካልሆነ።

አሁን ነበር መናገር የነበረብኝ። ግን ምን አደረግኩ? የእኔንና የባሌን ፍራሽ ጎትቼ አምጥቼ በሶፋው ፋንታ አነጠፍኩላቸው። እንደ ሠራተኛ ዝም ብዬ ስሠራ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ደክሟቸው እጄን ይዘው እየተደገፉ ክፍላቸው ገቡ። የገቡትም ስለለመንኳቸው አይደለም፣ መከራከሪያ አቅም ስላጡ ነው። ክብደታቸው ምንም የለም። እንደ ሕልሙ፣ ስስ።

መጋቢት 29

ስልኩ አሁን እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ተራ ደረሰኝ።

ጠዋት ድንች እየላጥኩ ድምፃቸው መጣ። የሚጠሩኝ መስሎኝ ጠጋ አደረግኩት። እኔን አይደለም። ያልማሉ። የሰው በር ላይ ቆመው ነው፣ ይለምናሉ። እንዲህ ዓይነት የልመና ድምፅ ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

"ለአንድ ሳምንት ነው… ቦታ አልይዝም… አልጋም ባይኖር፣ ሶፋው ይበቃኛል… ሻንጣዬን ውጭ አደርገዋለሁ…"

ከዚያ ደግሞ ሌላ በር። እንደገና "ለአንድ ሳምንት ነው።"

ቢላውን አስቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ነው በዚህች ቃል የቀለድኩባቸው? ከባልደረባዬ ጋር ሻይ ስንጠጣ፣ "የእኛዋ ሳምንት ገና አላለቀችም" እያልኩ አስቃታለሁ። እሳቸው ግን ቃሏን አልረሷትም። ይዘዋት ነው የሚተኙት።

በሩን በእጄ አንኳኳሁ፣ እስኪነቁ። "ውሃ ይጠጡ እማማ፣ ራስጌዎ አለ" አልኩ። ሌላ ምንም።

ሚያዝያ 1

ትንፋሻቸው አጠረ። አምቡላንስ ተጠራ። ሁለት ሰዎች ከእግር እስከ ራሳቸው በፕላስቲክ ተሸፍነው ገቡ። እማማ ቀና ብለው መጀመሪያ የጠየቁት ሻንጣቸውን ነው። ለካ ከሶፋው ጀርባ ተዘጋጅቶ ነበር። ከመታመማቸው በፊት። አነሳሁት፣ ሙሉ ነው። ልጃቸው ጋ ሊሄዱበት።

ሰዎቹ ሻንጣ አይገባም አሉ። ስልክና ቻርጀር ብቻ። ቻርጀሩን ስፈልግ፣ ስሮጥ፣ ሳላገኘው ሄዱ። በኋላ ሶፋው ሥር ወድቆ አገኘሁት።

በር ላይ እጃቸውን አነሱልኝ። ደህና ሁኚ ነው? ወይስ ቤትሽን ይኸው?

ሚያዝያ 2

መስመሩ ክፍት ነው። ከአምቡላንሱ ጀምሮ አልተዘጋም። የሐኪም ቤቱን ክፍል እሰማለሁ። ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ሰው ይስላል፣ ጫማ ይንሸራተታል። የእሳቸውን ትንፋሽ ከሌላው ለመለየት ጆሮዬን አሳመምኩት።

ከዚያ አላስቻለኝም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ተናገርኩ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ። የሰሙት ሁሉ እውነት ነው። በሕልሜ አጥፌ አስቀምጬዎታለሁ። ደስም ብሎኛል። ትኩሳት ነው ልልዎት ነበር፣ ግን ትኩሳት ብቻ አይደለም። ክፍሉን ፈልጌው ነበር፣ ከድሮም። አሁን አልፈልገውም። ይምጡና ፎጣዬን ያፍርሱብኝ። ልጅዎ ጋም አይሂዱ። እባክዎ ይምጡ።"

ጢጥ… ጢጥ…

ከዚያ የማላውቃት ሴትዮ ድምፅ፣ ከሩቅ፣ "ኧረ ይቺ የማን ምራት ናት?" አለች። ሌላው ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። ቀጥሎ አንዲት ነርስ ቀረብ ብላ፣ "እናትሽ መያዝ ስላቃታቸው ስልኩን ላውድ ላይ አድርገነዋል። እሳቸው ተኝተዋል። ክፍሉ ግን ሰምቶሻል" አለችኝ። በጨዋነት ነው ያለችኝ፣ ያ ደግሞ የባሰ።

ሰውነቴ በሙሉ ጋለ። ትኩሳቱ የተመለሰ መስሎኝ በእጄ ግንባሬን ነካሁ። አንድ ክፍል ሙሉ በሽተኛ! ፊታቸውን አላውቀውም፣ እነሱ ግን የሆዴን አወቁት።

ሚያዝያ 3

መስመሩ ተቋረጠ። ደወልኩ፣ ደወልኩ… "የደወሉላቸው ደንበኛ…"

ቻርጀሩ እጄ ላይ ነው።

ሚያዝያ 4

ሕልሙ ተመለሰ። ላውንደሪው፣ እንፋሎቱ። እማማ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ እኔ ያስቀመጥኳቸው ቦታ ናቸው። ላወርዳቸው እዘረጋለሁ፣ እጄ አይደርስም። በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ መደርደሪያውም ከፍ አለ። ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፣ እሱም ከፍ አለ። "ይውረዱ እማማ" እላለሁ፣ እሳቸው ዝም ብለው ያዩኛል። ስነቃ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ብጮህም የሚሰማኝ፣ ውሃ ጠጪ የሚለኝ ሰው የለም። ስልኩን ሳየው ጥቁር ነው።

የገዛ ጩኸቴን ለብቻዬ ሰምቼ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 5

ነርሷ ከራሷ ስልክ ደወለች! አሉ። ኦክስጅን ላይ ናቸው፣ ግን አሉ። ቻርጀሩን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ወስጄ ለዘበኛው ሰጠሁት። በመስኮቶቹ ላይ ዓይኔን አንከራተትኩ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቁኝ ሰዎች ከአንዱ መስኮት እያዩኝ ከሆነ ብዬ ደግሞ ማስኬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

ሚያዝያ 11

ሥራ ተመለስኩ። ወንበሬን የረጩት ሰዎች እንኳን ደህና መጣሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። የጋውኑ ክምር ተቆልሎ ቆየኝ። አንዱን አነሳሁ። እማማ ለብሰውት ከሆነስ? አጠፍኩት። ቀጣዩን አጠፍኩት። አለቃችን መጥቶ ክምሩ ላይ ቆሞ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። ሳየው በአራት ነው። ሁሉም። ከማለዳ ጀምሮ።

አፈርኩ፣ አፈረስኩት። ግን እጄ እንዴት ለመደው? ሁለት ዓመት ሙሉ ስናደድ ለካ እያየሁ ነበር።

ሚያዝያ 17

መጡ።

ከስተዋል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል፣ በሩን ሲያዩ ግን እንደ ድሮው መጀመሪያ ያዩት አቧራውን ነው። ክፍላቸውን አዘጋጅቼ ነበር። ሻንጣቸውን ፈትቼ ልብሳቸውን መልሼ፣ ፎጣውን አንሶላውን ሁሉ በአራት አጥፌ ደርድሬ። ይቅርታ መጠየቄ ነበር፣ በአፌ ማለት ሲያቅተኝ።

ቁምሳጥኑን ከፈቱ። አንዱን ፎጣ አወጡ፣ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ ደግሞ ማን ያጠፈው ነው? ጫፉ አልገጠመም" አሉ።

አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ እያለከለኩ፣ አንድ በአንድ እያፈረሱ እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ከክፍሉ ወጥቼ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በደስታ ነው፣ እዚህ ልጻፈው። ቆሽቴን የሚያሳርረው ነገር ቤቴ ስለተመለሰ በደስታ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 19

ዛሬ እሳቸው ጀመሩት። ሻይ እያቀረብኩላቸው፣ ቀና ሳይሉ።

"እዚያ ክፍል ውስጥ ስሜ ማን እንደነበር ታውቂያለሽ? 'የታጠፉት እማማ'። ነርሶቹ ሳይቀሩ። አንዷማ 'ዛሬስ ተተኮሱ?' ትለኛለች።"

ኩባያውን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ማለት ጀመርኩ፣ ሳልጨርስ እጃቸውን አወዛወዙ። ለሐኪም ቤቱ ክፍል በስልክ ከተናዘዝኩት በፊትም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ሳቄን ሳይቀር ሰምተዋል። ከፍቶኝ ነበር አሉ። ሽርጤን አውልቄ ልሄድ ነበር፣ ግን ማን ትንፋሽሽን ያዳምጥ? ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ። እኔ ወለሉን አያለሁ።

"የኔ አማት ስድስት ዓመት ነው አብረውኝ የኖሩት" አሉ ቆይተው። "አንቺ በትኩሳት፣ በእንቅልፍሽ ነው ያልሽው። እኔ በጤናዬ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ በየቀኑ ነበር የምመኘው። እስኪሞቱ ግን እንዳንቺ አፍ አውጥቼ የነገርኳቸው ነገር የለም። ሰምተውኝ ይሆን እያልኩ ነው ያረጀሁት።"

ልጅዎ ጋ መሄዱስ? አልኩ። መንገዱ ገና አልተከፈተም አሉ። ተከፍቷል እኮ፣ ባሌ ትናንት ድንበሩን አልፏል። ሁለታችንም እናውቃለን። ሻይ ጨመርኩላቸው።

ሚያዝያ 26

ባሌ ገባ። ፎጣ አውጥቶ ፊቱን ሲያብስ፣ "ተስማማችሁ እንዴ በማጠፉ?" አለ። እማማ ፎጣውን ከእጁ ተቀብለው ማጠፍ ጀመሩ።

ሕልሙ ሙሉ በሙሉ አለቀቀንም። እሳቸው አሁንም በር ያንኳኳሉ፣ እኔም አንዳንዴ መደርደሪያው ሥር ነኝ። ሐኪሙ ይቆያል ብሏል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለታችንም ጋደም ስንል አሁንም ይደውሉልኛል፣ አነሳለሁ፣ አንዘጋውም። ባሌ አብዳችኋል ይለናል።

ዛሬ ስልኩን ትራሴ ሥር እንዳደረግኩ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ ድምፃቸው መጣ።

"አንቺ።"

"አቤት እማማ።"

"ዛሬ ደግሞ ካገኘሽኝ፣ በስንት ነው የምታጥፊኝ?"

ፊቴ ጋለ። ይሄ እፍረት መቼም የሚተወኝ አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ ሳብኩት፣ እንደሚያዩኝ ሁሉ።

"በአራት" አልኩ።

"ጫፉን አግጥሚ" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ተኙ። እኔ ነቅቼ ሳዳምጥ ቆየሁ።